የባንኮክ ሻንጣና የዘመድ ዝርዝር

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 5 ዓመታችን ነው፤ ለመዝናናት ብለን አብረን ከአገር ወጥተን ግን አናውቅም። ዘንድሮ ቆጥበን፣ ከጥምቀት በኋላ ለ8 ቀን ባንኮክ ልንሄድ ትኬት ቆርጠናል። ችግሬ ገበያው ነው። ከ2 ዓመት በፊት ለሥልጠና ተልኬ እዚያው ሄጄ ነበር። ከገዛኋቸው ልብሶች ሁለቱ በመጀመሪያው እጥበት ቀለም ለቀቁ። አንዱ ተሰብስቦ ለእህቴ ልጅ ልክ ሆነ። አብራኝ የሄደች ባልደረባዬ ደግሞ እኔ የገዛሁትን ቀሚስ ራሱን በግማሽ ዋጋ ገዝታ አሳየችኝ። ከሁሉ የቆጨኝ ሻንጣዬ በሙሉ የሰው ዕቃ መሆኑ ነው። ለራሴ የተረፈኝ አንድ ኮፍያ ነው። አሁንም ወሬው ተሰምቶ የአማቴ፣ የሁለት እህቶቼና የቢሮ ልጆች ዝርዝር ደርሶኛል። ባለቤቴ «ገበያ ለገበያ ልንዞር ከሆነ ብቻሽን ሂጂ» ይለኛል። ዋጋ መከራከር ስጀምር ያፍራል፤ ራቅ ብሎ ቆሞ ስልኩን ያያል። እኔም አልችልበትም። ምን ላድርግ?

ሻንጣ የከበዳት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ኮፍያዋ ላይ ስደርስ ሳቅ አመለጠኝ። ባንቺ አይደለም የሳቅሁት። እኔም ከመጀመሪያው የባንኮክ ጉዞዬ ለራሴ ብዬ ይዤ የተመለስኩት አንድ ጃንጥላ ነው። እሱንም የገዛሁት ዝናብ ይዞኝ ነው። የቀረው ኪሎ በሙሉ የሰው አደራ ነበር።

«አልችልበትም» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። የተሸወድሽው አፍሽ ስላልሰላ አይመስለኝም። መርካቶን በጭንቅላትሽ ይዘሽ ሄደሽ ነው። መርካቶ ሻጩ 3,000 ይላል፣ አንቺ 1,200 ትያለሽ፣ እሱ «አያዋጣኝም እህቴ» ይላል፣ ትወጫለሽ፣ «ነይ ነይ ውሰጂ» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ዋጋው ያለው ምላስ ላይ ነው። የባንኮክ የልብስ ገበያ በአብዛኛው እንደዚያ አይሠራም። እዚያ ዋጋ የሚያወርደው የምታነሺው ፍሬ ብዛት ነው።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ፕራቱናም የሚባል ሰፈር አለ፤ የባንኮክ የልብስ ንግድ እምብርት ነው። እዚያ በ2005 የተከፈተው ፕላቲነም ፋሽን ሞል ውስጥ ከ2,000 በላይ ሱቆች አሉ። አብዛኛው ሱቅ ከአንድ ቁም ሳጥን ብዙም አይሰፋም። አንዷ ሱቅ ውስጥ ልጅቷ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ሩዝ ትበላለች። የወደድኩትን ሸሚዝ አንስቼ ስንት ነው አልኳት። ካልኩሌተሯን ወደ እኔ አዞረች፤ 250 ባት ይላል። እኔ 120 ብዬ ጻፍኩ። እሷ አጥፍታ 250 ጻፈች። እኔ 150። እሷ 250። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም፣ ሩዟንም አላቋረጠችም። በዚህ መሐል ናይጄሪያዊት የምትመስል ነጋዴ ገባች። ምንም ሳትናገር ከመስቀያው ላይ ሦስት ሸሚዝ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ልጅቷ ካልኩሌተሯን አዞረችላት፤ 180። ከፍላ ወጣች። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነኝ።

ያ ሱቅ ሁለት ዋጋ ነበረው። አንዱ ለአንድ ፍሬ ነው፣ ሌላው ለሦስትና ከዚያ በላይ። ብዙዎቹ ሱቆች ሁለቱንም ዋጋ ካርቶን ላይ ጽፈው ይሰቅሉታል። ጽሑፉ በታይ ቋንቋ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል፤ ከፍ ያለው የችርቻሮ፣ ዝቅ ያለው የጅምላ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስቱ አንድ ዓይነት መሆንም የለባቸውም። ከአንድ ሱቅ እስከሆነ ድረስ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ ብታነሺ ይቆጠርልሻል። ባልደረባሽም ቀሚሱን በግማሽ ያገኘችው በክርክር ሳይሆን ሌላ ነገር ጨምራ ስላነሳች ይመስለኛል። ጠይቂያት እስቲ።

እንግዲህ ያ ያማረረሽ የዘመድ ዝርዝር እዚህ ላይ መሣሪያ ይሆንልሻል። ለራስሽ አንድ ቀሚስ ስትገዚ በችርቻሮ ትከፍያለሽ። የሁለቱን እህቶችሽን ጨምረሽ ስታነሺ ሦስታችሁም በጅምላ ገዛችሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን በሰው ስም ሳይሆን በዕቃ ዓይነት እንደገና ጻፊው። ቀሚስ ከቀሚስ ጋር፣ የሕፃናት ከሕፃናት ጋር፣ ሻርፕ ከሻርፕ ጋር። ከእያንዳንዱ ረድፍ አናት ላይ ደግሞ የራስሽን ስም አስቀምጪ። ይህን በቀልድ አትውሰጂው። የመጀመሪያዋ ፍሬ ያንቺ ካልሆነች ዘንድሮም ኮፍያ ነው።

ዝርዝሩ ግን መልክ ይያዝ። ገንዘብ ያልሰጠ ሰው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። «ስትመጪ እሰጥሻለሁ» የሚለው ደርሼበታለሁ፤ ስትመጪ «ቀለሙ ሌላ ነው ያልኩሽ» ይሆናል። ልኩን በሴንቲሜትር ያላመጣም አይገባም። «ሚዲየም ነኝ» አይሠራም፤ ለምን እንደማይሠራ እነግርሻለሁ። የቢሮ ልጆች ብራንድ ጫማና ብራንድ ቦርሳ ጽፈው ከሆነ ባጭሩ «አልገዛም» በይ። እዚያ በርካሽ የሚሸጠው ብራንድ አስመስለው የሠሩት ነው፤ ስምሽ ባለበት ሻንጣ የሰው ፎርጅድ መሸከም ምን አስፈለገሽ።

የአማትሽን ነገር ለባለቤትሽ ተይው። እናቱ ናቸው። «እማዬ፣ ሻንጣችን በኪሎ ነው፣ ለእርስዎ አንድ ጥሩ ሻርፕ እናመጣለን» ማለት ከሱ አፍ ሲወጣ ፍቅር ነው፣ ካንቺ አፍ ሲወጣ ስስት ይሆናል። ለምን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ሌላው ከመሄድሽ በፊት የሚሠራ ነገር የአዲስ አበባን ዋጋ ማወቅ ነው። አንድ ከሰዓት ቦሌ ቡቲኮቹንና መርካቶን ዞረሽ የምትፈልጊያቸውን አምስት ስድስት ነገሮች ዋጋ ስልክሽ ላይ ጻፊ። እዚህ «የባንኮክ ነው» ተብሎ የሚሸጠውን ልብስ ነጋዴዎቻችን ከነዚያው ከፕራቱናም ሱቆች ነው በብዛት የሚያነሱት። ስለዚህ ትርፉ የት ላይ እንዳለ ቁጭ ብለሽ ታሰይዋለሽ። ባቱን በብር የማስላቱን ሥራም እዚሁ ጨርሺ። 100 ባት፣ 200 ባት፣ 500 ባት በብር ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ሱቅ በር ላይ ቆሞ ማባዛት ራስ ያዞራል፤ ያኔ ነው ሰው የሚበላው።

አሁን ቀኑን እንይ። ከጥምቀት በኋላ ብለሻል። የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚውለው። ከባንኮክ ነጋዴ ደግሞ ብዙው የቻይና ዘር አለበት። በዓሉ ላይ ብዙ የልብስና የጨርቅ ሱቆች ለቀናት ይዘጋሉ፤ ያዎራት በሚባለው የቻይናውያን ሰፈር ያለው ሳምፔንግ የሚሉት ጠባብ የጅምላ መንገድማ ጭር ይላል። የዘንድሮው በዓል ከናንተ ቀን ጋር ይገጥም እንደሆነ ካላንደር ላይ እዪ። ከገጠመ ገበያውን ከበዓሉ በፊት ጨርሺው፤ በበዓሉ ቀን ያዎራት ሄዳችሁ የዘንዶውን ጭፈራ ተመልከቱ፣ ብሉ፣ ጠጡ።

ከ8ቱ ቀን ለገበያ ሁለት ግማሽ ቀን ይበቃል። ሁለት። ይህን ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪው፤ ከተቻለም በጽሑፍ። «ብቻሽን ሂጂ» ያለው ሰውዬ የጠላው ገበያውን ሳይሆን ማለቂያ ማጣቱን ይመስለኛል። መጨረሻው የታወቀ ገበያ ወንድም ይችለዋል።

አንደኛው ግማሽ ቀን ፕራቱናም ይሁን፤ በሥራ ቀን፣ በጠዋት። ፕላቲነም የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያኔ ገብታችሁ 7 ሰዓት ላይ ውጡ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ምግብ ቤት አለ፣ ባለቤትሽ ሲደክመው ይቀመጣል። ከሕንፃው ውጪ፣ ባይዮክ በሚባለው ረጅሙ ፎቅ ሥር ባሉት ጠባብ መንገዶች ያለው ገበያ ይበልጥ ርካሽ ነው፣ ይበልጥም ይሞቃል። እዚያ ትንሽ መከራከርም ይቻላል።

ሁለተኛው ቻቱቻክ ነው። የሚቆመው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12። የሱቁ ብዛት ከ15,000 ያላነሰ ነው ይባላል። በ27 ክፍል የተከፋፈለ ስለሆነ ካርታውን ስትገቢ ፎቶ አንሺው። ካምፌንግ ፔት በምትባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከወረዳችሁ መውጫው ገበያው ውስጥ ነው የሚጥላችሁ። ክፍል 2 እስከ 4 አካባቢ የታይ ወጣቶች ራሳቸው ሠፍተው የሚሸጡት ልብስ አለ፤ ለዓይን የሚያምረው እሱ ነው። 5 እና 6 አካባቢ ሰልባጅ ነው። ሰልባጅ ብዬ ስልሽ ፊትሽን አታጨማድጂ፤ የጂንስ ጃኬት ከፈለግሽ ከአዲሱ የተሻለ ጨርቅ እዚያ ነው ያለው። መሐሉ ላይ ከሩቅ የሚታይ የሰዓት ማማ አለ። ከባለቤትሽ ጋር ከተጠፋፋችሁ እዚያ ተቃጠሩ። ትጠፋፋላችሁ፣ እኔ ልንገርሽ። የወደድሽውን ሱቅ ደግሞ «ዞሬ እመለሳለሁ» ካልሽው አታገኚውም። ወይ ያኔውኑ ግዢ፣ ወይ ከሱቁ በላይ የተጻፈውን የክፍልና የመንገድ ቁጥር ፎቶ አንሺ።

ቻቱቻክ ላይ ክርክር አለ፤ ግን ለስላሳ ነው። 200 ባት የተባለ ነገር 170፣ 160 ይሆናል እንጂ 80 አይሆንም። እጥፍ አጋንኖ የሚጠራ ሱቅ የለም ማለቴ አይደለም፤ በተለይ ቱሪስት በሚበዛበት ጎዳና ላይ ይኖራል። ጎረቤቱ ያለው ሱቅ ያንኑ ዕቃ ስንት እንደሚለው ሳትሰሚ አትክፈዪ፣ በቃ። ዋጋ ስትጠይቂ «ታው ራይ ካ» በይ፤ ስንት ነው ማለት ነው። «ሎት ዳይ ማይ ካ» ደግሞ ትንሽ አይቀነስም ወይ እንደማለት ነው። «ካ» የሴት የትሕትና ቃል ናት፤ ባለቤትሽ ሲናገር «ክራፕ» ይበል። እነዚህን በፈገግታ ካልሻቸው ግማሹ ሥራ አለቀ። ድምፅ ከፍ ካደረግሽ ግን ተበላሸ። ታይ ሰው ፊት ለፊት መጮህን በጣም ይጠላል፤ ሻጯ ፈገግ እንዳለች ዕቃዋን ወደ መስቀያው ትመልሰዋለች። የመርካቶዋ «ጥዬ ልሂድ» ዘዴም ብዙ አትተማመኚባት። ወጥተሽ ዞር ብለሽ ስታዪ ሻጯ ስልኳ ላይ ናት።

ይሄ ለባለቤትሽ ጥሩ ዜና አይደል? የሚያሳፍረው ጭቅጭቁ ከሆነ እዚያ ጭቅጭቅ የለም። ሥራ ስጪው። የእኔው ሰውዬ ለ20 ዓመት ከሱቅ በር ውጪ ሲቆም ኖሮ አንድ ቀን ካልኩሌተሩን አስያዝኩት። ከዚያ ወዲህ «ሁለት ናቸው፣ አንድ ጨምሪ፣ ዋጋው ይወርዳል» እያለ የሚያስገዛኝ እሱ ሆኖ ተቸግሬአለሁ።

ወደ ጨርቁ ልምጣ፤ አንቺ ያቃጠለሽ እሱ ነው። የተሰበሰበውና የለቀቀው ልብስሽ ሬዮን ሳይሆን አይቀርም። ዝሆን የታተመባቸው ሰፋፊ ሱሪዎች፣ አበባ አበባ ቀሚሶች፣ አብዛኞቹ ከሱ ነው የሚሠሩት። ሬዮን መጥፎ ጨርቅ አይደለም፤ ለሙቀት እንደሱ ያለ የለም፣ ሰውነት ላይ ይፈሳል። ሙቅ ውኃ ሲያገኘው ግን ይሰበሰባል። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለብቻው፣ በእጅ ነው የሚታጠበው። ስትገዢም አንድ ቁጥር ከፍ አድርጊ። ቀለሙን ለማወቅ ደግሞ ነጭ ሶፍት በውኃ ትንሽ አርጥበሽ ከውስጥ በኩል፣ ስፌቱ ጋ፣ አሸት አሸት አድርጊው። ሶፍቱ ከቀላ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ያ ልብስ እቤትሽ ነጭ አንሶላ አጠገብ መድረስ የለበትም። ሻጮቹ አይከፋቸውም፤ እነሱም ያውቁታል። ከዚያ ብርሃን ላይ ዘርግተሽ እዪው። ስፌቱን በሁለት እጅሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው፤ ክሩ መሐል ቀዳዳ ከታየሽ ሁለተኛ አትለብሺውም። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ልኩን በሚመለከት፣ የታይ ሚዲየም የኛ ስሞል ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል። ደረቱ ልክ ሆኖ ዳሌ ላይ ይቆማል። «ፍሪ ሳይዝ» የሚሉት ደግሞ ለቀጭን ሴት ሁሉ ይሆናል ማለት ነው እንጂ ለሁሉም ሴት አይደለም። ብዙ ሱቅ ላይ ደግሞ መለካት አይፈቀድም፤ ቦታም የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። እቤትሽ ካለው ልብስ በጣም የሚስማማሽን አልጋ ላይ ዘርግተሽ በሜትር ለኪው፤ ብብት ለብብት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። እህቶችሽም እንደዚያው ይላኩልሽ። የልብስ ሰፊ ሜትር ቦርሳሽ ውስጥ ትኑር። ሱቁ ውስጥ የሚለካው ልብሱ ነው፤ አንቺ መገላበጥ የለብሽም። የገበያ ቀን ስስ ካናቴራና ታይት ለብሰሽ ከሄድሽ ደግሞ ከላይ ደርበሽ የምትሞክሪበት አጋጣሚ አይጠፋም።

ለአማትሽ ሻርፕ አልኩ። እዚህ ላይ ርካሽ አትፈልጊ። የታይ ሐር ስም ያለው ነገር ነው፤ መንገድ ላይ «ሐር ነው» ተብሎ በ100 ባት የሚሸጠው ግን ፖሊስተር ነው። የታይ መንግሥት ለሐር የሚሰጠው የፒኮክ ምልክት አለ። ወርቃማ ፒኮክ ከአገሬው ትል በባህላዊው መንገድ የተሠራው ነው፣ ከሁሉም በላይ ነው። ብርማው ይከተላል። ሰማያዊው ንጹሕ የታይ ሐር ነው፤ አረንጓዴው ሌላ ክር የተቀላቀለበት። ምልክት ከሌለው ከጫፉ አንድ ክር ስጪኝ ብለሽ ውጪ ላይ በክብሪት ለኩሺው። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

የሐር ነገር ከተነሳ፣ ባለቤትሽን የጂም ቶምፕሰን ቤት ውሰጂው። ሰውዬው አሜሪካዊ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የታይን ሐር ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። በ1967 ማሌዥያ ደጋ ላይ ለሽርሽር በሄደበት በእግሩ ወጥቶ በዚያው ጠፋ። እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከጥንት የእንጨት ቤቶች ያገጣጠመው መኖሪያው አሁን ሙዚየም ነው። ባለቤትሽ ታሪክ ሲሰማ አንቺ ሐሩን በእጅሽ ትዳስሻለሽ፤ ጥሩ ሐር ምን እንደሚመስል እጅሽ ካወቀ በኋላ ማንም አይሸውድሽም።

ባለቤትሽ ሱፍ ማሰፋት ካማረው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ባንኮክ ውስጥ «በ24 ሰዓት ሙሉ ልብስ» የሚል ሰፊ በየመንገዱ አለ። እኛን ወደ አንዱ ያደረሰን የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ቱክቱክ ይሉታል። ቤተ መንግሥቱን ልናይ በሩ ጋ ስንደርስ አንድ ደርበብ ያለ ሰው «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው» አለን። ቱክቱኩ በ20 ባት ሌላ ሌላውን ሊያዞረን ተስማማ። መጀመሪያ ያደረሰን የከበረ ድንጋይ ሱቅ ነው፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ጋ። የባለቤቴ ሱፍ በማግስቱ ደረሰ፣ ያምራል። አዲስ አበባ መጥተን አንድ ጊዜ ላውንደሪ ገብቶ ሲወጣ ኮሌታው እንደ ቂጣ አረፋ አወጣ። ገበሩ በሙጫ የተለጠፈ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ ዝግ አልነበረም። በየቀኑ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 9:30 ክፍት ነው፤ «ዝግ ነው» የሚልሽ ሰው ወደ ሱቅ ላመጣው እንግዳ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው ነው። ወደ በሩ ራስሽ ሂጂ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ብቻ ይኑርሽ።

ማሰፋቱን አትተውት፤ ጥሩ ሰፊዎች አሉ። ግን በደረሳችሁ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይለካ፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሞከር። ግማሹን ብቻ ቀብድ ስጡ። በደንብ የሚስማማውን የድሮ ሱፉን ይዞ ቢሄድ ደግሞ ከሁሉም መለኪያ ይበልጣል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ዶላርሽ ያልታጠፈ፣ ያልተጻፈበት ባለ 100 ይሁን፤ መንዛሪዎቹ ለትልቁ ኖት የተሻለ ይሰጣሉ። ኤርፖርት ለታክሲ የሚሆን ብቻ ዘርዝሪ፣ የቀረውን ከተማ። በውጭ ካርድ ከኤቲኤም ስታወጪ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ200 ባት በላይ ይቆረጣል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማውጣት ኪሳራ ነው። ባለ 1,000 ባት ኖት ይዘሽ ለ90 ባት ዕቃ አትከራከሪ፤ አያምርም።

የታክስ ተመላሽ የሚሉት ነገር አለ። በአንድ ሱቅ በአንድ ቀን 2,000 ባት እና ከዚያ በላይ ከገዛሽ፣ ሱቁም አሠራሩ ውስጥ ካለ፣ ፓስፖርትሽን አሳይተሽ ቅጽ ያስሞሉሻል፤ የጉምሩክ ጣጣ ካለውም ኤርፖርት ላይ ሻንጣሽን ሳታስረክቢ ትጨርሻለሽ። የታይ ቫት 7 በመቶ ነው። ከ2,000 ባት ላይ ቫቱ 130 ባት ገደማ ይሆናል፤ ከሱም የአገልግሎት ይቀነሳል። ለሐርና ለሱፍ ከሆነ ሞክሪው። ለሦስት ካናቴራ ብለሽ ኤርፖርት ሰልፍ አትቁሚ። የገበያ ላይ ሱቆች ከነጭራሹ የሉበትም።

ኪሎውን ትኬታችሁ ላይ እዩ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ከሆነ ለሁለት ሰው ብዙ ነው፤ ግን አንዱን ሻንጣ ያንቺና የሱ ብቻ አድርጉት። የሰው ዕቃ አይገባበትም። አንድ ዓይነት ልብስ በደርዘን ከያዛችሁ ቦሌ ላይ ለንግድ ነው ተብሎ ቀረጥ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ይህንንም ለዘመዶችሽ ንገሪያቸው፣ ዝርዝሩ ያጥራል።

ከሁለቱ ግማሽ ቀን ውጭ ያለው የናንተ ነው። በቻዎ ፕራያ ወንዝ ላይ በጀልባ ሂዱ፣ ዋት አሩን የሚባለውን ቤተ መቅደስ ጀንበር ስትጠልቅ እዩት። እንጀራ ካማራችሁ ናና ሰፈር አይጠፋም። ጥር ለባንኮክ ሰው ብርድ ነው፤ ለኛ ግን ቀን ላይ 30 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ያቺን ኮፍያ ይዘሻት ሂጂ። ቻቱቻክ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል።